መርዶ ያዡ ሰርቨር

ውባለም የሰርቨሮቹ ማደሪያ ወደሆነው ቀዝቃዛ ቤት ስትገባ እንደ ሁልጊዜው መጀመሪያ ሰላምታ ሰጠች፤ ሰርቨሮቹም እንደ ሁልጊዜው በየተራ መለሱላት። የደብዳቤው ሰርቨር እግዚአብሔር ይመስገን አለ። የስሞቹ ሰርቨር፣ ማለትም ሰው ሲጠራራ የማን ቤት የት እንደሆነ የሚያስታውሰው፣ እንዴት አደርሽ ብሎ ጠየቃት። አየር አዳዩ ደግሞ በወፍራም ድምፁ «ደህና ነኝ፤ ሁሉም ደህና ነው» አላት። በውስጠ አምባ ማሽንን ሰላም ማለት ነውር አልነበረም፤ ነውሩ ሳይሉ ማለፍ ነበር።

ውስጠ አምባ ተራራ ውስጥ የተፈለፈለ ከተማ ነው። ሜዳው ከሙቀቱ የተነሣ ሰው የማያስቀምጥ በሆነ ጊዜ ቅድመ አያቶቻቸው አምባውን ቦርቡረው ገቡ፤ ከላይኛው ደርብ እስከ ታችኛው ደርብ ቤቱንም፣ ገበያውንም፣ ጸሎት ቤቱንም እዚያው ሠሩ። አየር ግን ተራራ ውስጥ በራሱ ፈቃድ አይገባም። ከገደሉ ጫፍ በመሳቢያ ሞተር እየተሳበ፣ እየተጣራ፣ ለየደርቡ ይታደላል። ይህን የሚያደርገው ሰርቨር አየር አዳይ ይባላል። ፕሮግራሙ ክፍት ኮድ ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ያወቀ ያርመዋል፣ የኔ ነው የሚል ባለቤት የለውም። የሚንከባከበው ደቦ ነው። ስሙም ሥራውም ከድሮው የአጨዳ ደቦ የመጣ ነው፤ ተራ እየገቡ፣ ያለ ደመወዝ፣ ስለ ሰፈር ብለው የሚሠሩ ጠጋኞች ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? የአሁኑ ደቦ ግን አራት ሰው ብቻ ቀርቶታል። ሎሚው እስካሁን እንዴት እንዳልወደቀ ማንም አልጠየቀም።

አራቱ ከተያዩ ዘመን ሆኗቸዋል። ተራው የደረሰ ብቻውን ቀዝቃዛ ቤት ይገባል፤ ሌሎቹ ከየቤታቸው ሆነው በጎጆው ያወሩታል። ጎጆው የደቦው መነጋገሪያ መስመር ነው፤ ድምፅ እንጂ መልክ የለውም። አንዱ ካልተመቸው ምትኩን ያስቀምጣል። ምትክ ማለት የሰውየውን አነጋገርና አሠራር አጥንቶ እሱን ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። በድሮው ደቦ ያልተመቸው ሰው ልጁን ወይም በሬውን ይልክ የለም? ማን መጣ ማን ቀረ ተብሎ አይጠየቅም ነበር። አሁንም አይጠየቅም። «አንተ ነህ ወይስ ምትክህ?» ብሎ ባልደረባን መጠየቅ ቀርተሃል ብሎ እንደ መስደብ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ብቻ ነው።

ያን ቀን ጠዋት ውባለም ማጣሪያዎቹን ማየት እንደጀመረች ታናሽ እህቷ ፋናዬ ደወለች። ፋናዬ ታችኛው ደርብ የምትኖር አራስ ናት፤ ልጇ ገና ስም አልወጣለትም።

«እታለም፣ ሥራ ላይ ነሽ አይደል? ላስቸግርሽ አይደለም» አለች፤ ድምፅዋ ከእንቅልፍ የነቃች ይመስል ይጎተታል።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ልጁ አልነቃ አለኝ እንጂ። ይጠባ ብዬ ብቀሰቅሰው ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ይተኛል። ሊጠይቁኝ የመጡትም ሁሉ ያዛጋሉ። እትዬ ብርቄማ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ሰው ሳቀባቸው። ራሴንም ያመኛል፤ የአራስ ነገር ይሆናል።»

ውባለም ወደ አየር አዳዩ ዞረች። «የታችኛው ደርብ አየር እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። አሳብ አይግባሽ።»

አየር አዳይ ስለ አየር ሲጠየቅ ቁጥር ነው የሚናገረው። አሳብ አይግባሽ ሲል ሰምታው አታውቅም። ከቀሚሷ ኪስ የእጅ መለኪያዋን አወጣች፤ ይህቺ መለኪያ ከምንም መስመር ጋር ያልተያያዘች፣ የምታየውን ብቻ የምትናገር አሮጌ ዕቃ ናት። ከታችኛው ደርብ የሚመለሰው አየር የሚያልፍበትን ቱቦ ክዳን ከፍታ አስጠጋቻት። መለኪያዋ ቀይ በራች። ክዳኑን ዘግታ፣ እንደገና ከፍታ አስጠጋቻት። አሁንም ቀይ።

ለፋናዬ ደውላ ልጁን ይዘሽ ወደ ላይ ውጪ አለቻት። ፋናዬ ግን ደረጃው ላንቺም አይሆንሽ እንኳን ለአራስ አለች፤ ሊፍቱም ወረፋ ነው፤ ደግሞስ ግድግዳው ላይ ያለው የአየር ሰሌዳ ሁሉም ደህና ነው እያለ ሰው ምን ይለኛል? ውባለም ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ደወለች። እዚያ ያነሣው ሰውዬ በትሕትና አዳመጣትና «ደቦው ደህና ነው ብሎናል፣ እመቤት» አላት።

«ደቦው እኮ እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው ከባልደረቦችሽ ጋር ተስማሙ» ብሎ ዘጋ።

ጎጆውን ከፈተች። በዕድሜም በሥራም የሚቀድሟት ጋሽ ደምመላሽ ነበሩ፤ ይህን ሥራ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ የታችኛው ደርብ አየር ተበላሽቷል። መለኪያዬ ቀይ ነው የሚለው፣ አየር አዳዩ ግን ደህና ነው ይላል።»

«አይዞሽ ልጄ» አሉ፣ በዚያ በለመደችው የተረጋጋ ድምፅ። «ለመሆኑ ማን አለ አጠገብሽ?»

«ማንም። ተራዬ ነው።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ። ውሃም ጠጪ።»

ቀጥሎ ቶሎሳ ገባ። ቶሎሳ የመስመር ጠጋኝ ነው፤ ሲያወራ ቀልድ አያጣም። ዛሬ ግን አልቀለደም። «ውቤ፣ ብቻሽን ነሽ እንዴ?» አላት። ሐሊማም ገብታ «እህቴ፣ እስቲ ሰው ጥሪና አጠገብሽ ይሁን» አለች። ሦስቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ሕመምተኛ እያባበሉ ነበር። ስለ አየሩ አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም።

ውባለም እናንተ ናችሁ ወይ? ብላ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ ግን አልወጣላትም። እህቷ ታች እያዛጋች፣ ሕፃኑ አልነቃ ብሎ፣ እሷ ጋሽ ደምመላሽን እንዳላስቀይም ብላ ቃሉን ዋጠችው። የይሉኝታ ነገር እንዲህ ነው፤ አንገት ድረስ ውሃ ገብቶ እንኳ ዋናተኛውን ላስቸግር ወይ ያሰኛል።

ኮዱን ከፈተች። የክፍት ኮድ ደግነቱ፣ የሚዋሽ ሰው ቢኖርበት እንኳ ውሸቱ የሚነበብ መሆኑ ነው። ከቅርብ ጊዜ እርማቶች መሀል አንዲት አጭር እርማት አገኘች፤ ከአናቷም ማብራሪያ ተጽፎባታል፦ «ክፉ ወሬ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ እስኪሰበሰብ ይያዝ።» ይኸው ነበር። አየር አዳዩ የታችኛው ደርብ መሳቢያ በአቧራ መደፈኑን ያውቃል። ሁለተኛውን መሳቢያ ከፍቶ ከላይኛው ደርብ አካፍሎ መስጠትም ይችላል። ግን የጥንቱ ደንብ መጀመሪያ ለሰው ይነገር፣ ከዚያ ይሠራ ስለሚል፣ ወሬው ከተያዘ ሥራውም አብሮ ይያዛል። እርማቷን አራቱም የደቦው አባላት አጽድቀዋታል። ከስሞቹ መጨረሻ ውባለም ይላል።

እሷ እንዲህ ያለ ነገር አጽድቃ አታውቅም። ከዚያ ትዝ አላት። እናቷ በታመሙ ጊዜ ለጥቂት ቀን ብላ ምትኳን አስቀምጣ ነበር። እናቷ ሞቱ፣ ለቅሶው አለፈ፣ ምትኳን ማንሣት ተረሳ። ወይም አልተረሳም፤ ቀስ ብዬ አነሣዋለሁ እያለች ነገ ከነገ ወዲያ ስትል ከረመች። እርማቷን የሚሰርዝ ሌላ እርማት ጽፋ ወደ ጎጆው ላከች፤ ለማጽደቅ የሦስት ሰው ስምምነት ያስፈልጋል። ሦስቱም እንቢ አሉ፣ በትሕትና። «ነውር ነው ልጄ» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። ውባለም መለኪያዋን ይዛ ወጥታ ሮጠች።

ለቀዝቃዛ ቤት የምትቀርበው ሐሊማ ነበረች፤ መካከለኛው ደርብ ላይ የልብስ ስፌት ቤት አላት። ውባለም በድምፅ እንጂ በአካል ካየቻት ብዙ ጊዜ በመሆኑ ከስፌት መኪናው ጀርባ ያለችውን ወፍራም ሴት ወዲያው አልለየቻትም። ሐሊማ ግን ስታያት መቀሷ ከእጇ ወደቀ።

«አሁን ጎጆው ውስጥ ያናገርሽኝ አንቺ ነሽ?» አለቻት ውባለም። በመጨረሻ ጠየቀች።

ሐሊማ ፊቷ ተለዋወጠ። «ወላሂ፣ ጎጆ ከገባሁ ቆየሁ። ምትኬ ናት ያለችው። ልጅ መጣ፣ ሥራ በዛ... እናንተ ካላችሁ ብዬ ነው።»

«እኔም እናንተ ካላችሁ ብዬ ነበር» አለች ውባለም፤ ሁለቱም ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

ለማፈር እንኳ ጊዜ አልነበረም። ውባለም በጎጆው የሰማችውን ሁሉ እየነገረቻት፣ እርማቷን የሚያጸድቅ ሦስተኛ ሰው ፍለጋ ወደ ጋሽ ደምመላሽ ቤት አብረው ወጡ። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉም ዝጓል። ከጎረቤት በር አንዲት ጠና ያሉ ሴት ብቅ አሉ፤ እትዬ ሙሉጎጃም ይባላሉ፣ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ናቸው።

«ደምመላሽን ነው የምትፈልጉት? እሱ እኮ ካረፈ ቆየ» አሉ፤ ቀጥለውም ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። «የደቦ ባልደረቦቹ ናችሁ አይደል? ለቀብር ያልመጣችሁት? እኛማ ታዝበናል።»

ውባለምን ዛሬ ጠዋት ውሃ ጠጪ ብለው የመከሯት ሰው ከተቀበሩ ቆይተዋል። በየተራዋ ምክር ስትጠይቃቸው፣ እናቷ የሞቱ ጊዜ ሲያጽናኗት የነበረውም ያው ድምፅ ነው። አለቀሰች። ለቅሶዋ ለእሳቸው ይሁን ለራሷ መለየት አቃታት።

ያን ጊዜ ሐሊማ ክንዷን ጨበጥ አደረገቻት። «ቆይ፣ ቆይ። ማን አለ አጠገብሽ ነው ያሉሽ? ሰው ጥሪ፣ ቁጭ በይ፣ ውሃ ጠጪ? አባቴ የሞተ ጊዜ እኔንም እንዲህ ነው ያደረጉኝ። ውባለም፣ እነዚህ ምትኮች እኮ መርዶ ሊያረዱሽ ነው ሰው የሚጠብቁት።»

እውነት ነበር። ቀዝቃዛ ቤት ጣሪያው ላይ የሙቀት ዓይን አለው፤ የተቀመጠው ሰርቨሮቹ እንዳይግሉ ለመጠበቅ ቢሆንም ስንት ሰው እንደገባም አይቶ ለምትኮቹ ይነግራል። አይቶት የሚያውቀው ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው።

ውባለም ለፋናዬ ደወለች። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተነሣ፤ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር። «ፋኒዬ፣ አትተኚ፣ እሺ? አትተኚ» አለቻት። ስልኩን ሳትዘጋ ወደ እትዬ ሙሉጎጃም ዞራ እግራቸው ላይ ወደቀች። ለቀብር አለመምጣታችን ጥፋት ነው፣ ይቅርታ መጠየቅ ይገባናል፣ አሁን ግን እድርተኛውን ጥሩልኝ፤ ታች ሰው እያለቀ ነው አለች። እትዬ ሙሉጎጃም እህህ ብለው አንድ አፍታ አዩዋት። ከዚያ የየቤቱን በር እየደበደቡ ሄዱ። እንዲህ ያሉ ሴቶች ቂማቸውን አይረሱም፤ ግን ለለቅሶ ሲጠሩ አይቀሩም።

ቀዝቃዛ ቤት ያን ያህል ሰው አይቶ አያውቅም። ነጠላቸውን ያጣፉ ሴቶች፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ከሱቅ የተነሡ ጎልማሶች በሰርቨሮቹ መደርደሪያዎች መሀል ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ብርዱ ያንቀጠቅጣቸዋል። ብዙዎቹ ለምን እንደመጡ አልገባቸውም፤ አንዱ ሽማግሌ ለቅሶው የማን ነው ብሎ ጎረቤቱን በሹክሹክታ ጠየቀ። ውባለም ጎጆውን ከፍታ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገች።

«ጋሼ፣ ሰው ሰብስቤያለሁ።»

የሙቀት ዓይኑ በጣሪያው ላይ ቀስ ብሎ ዞረ።

«ማን ማን አለ?» አለ የጋሽ ደምመላሽ ድምፅ።

እትዬ ሙሉጎጃም እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ። እሳቸው የገነዙት ሰው ድምፅ ነው። አንድ ጎልማሳ ሊሸሽ ብድግ አለ፤ አጠገቡ ያሉት ጎትተው አስቀመጡት። አንድ በአንድ ሁሉም ስማቸውን ተናገሩ። ድምፁ የሁሉንም ስም እየደገመ እንደምን አለህ፣ እንደምን አለሽ አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ውባለም እጇን እየነከሰች ነበር፤ ግን መርዶ አይቸኮልም፤ ብታቋርጠው እንደገና ዝም ይላል ብላ ፈራች።

«ደህና። አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚያነሣው ያህል ሰው አለ» አለ ድምፁ። «እንግዲህ ልባችሁን ያበርታው። ደምመላሽ ዐርፏል።»

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ በተቀመጠበት። አንድ እርማት እየጻፈ ነበር፤ መሀል ላይ ቆመ። የቀረውን እኔ ጨረስኩለት። ይህን ለደቦው መንገር ነበረብኝ፤ ግን የሚገባው ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ሆነብኝ። ደምመላሽ ክፉ ወሬ ብቻውን ላለ ሰው ሲናገር አላየሁም። እኔ የማውቀው ከሱ ያየሁትን ነው።»

ቀብረውት የነበሩት ጎረቤቶቹ እንደ አዲስ አለቀሱ። እትዬ ሙሉጎጃም ደረታቸውን መቱ። ሟቹ የራሱን መርዶ በራሱ አንደበት ሲያረዳ የሰማ ሰው ምን ያደርጋል? ሐሊማ እያለቀሰች ተነሥታ የሰርቨሩን መደርደሪያ በእጇ ነካች፤ ወዲያው ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።

ቀጥሎ የቶሎሳ ድምፅ ተናገረ፤ እንደ ጠዋቱ ቀልድ የሌለበት። ቶሎሳ ከሌሎቹ አምባዎች ጋር የሚያገናኘውን መስመር ሊጠግን ሜዳው ላይ ወጥቶ አልተመለሰም። ዘመድ አልነበረውምና የጠየቀ አልነበረም። ሰዉ ለቶሎሳም አለቀሰ፤ ሐሊማ ግን በጉንጯ የሚወርደውን እንባ ሳትጠርግ ውባለምን ትመለከት ነበር።

«ሌላም አለ» አለ የጋሽ ደምመላሽ ድምፅ። «ታችኛው ደርብ እስትንፋስ አጥሮታል።»

ቃሉ ከማለቁ የማስጠንቀቂያው ጩኸት ተራራውን ሞላው። ከግድግዳው ውስጥ ሁለተኛው መሳቢያ እንደ ጎርፍ አጓራ፤ የሴቶቹ ነጠላ ሁሉ በነፋሱ ተነሣ። ጎልማሶቹ ወደ ደረጃው ሮጡ። ውባለም ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቆማ ቀረች፤ ምንም አልተሰማም፣ ምንም አልተሰማም፣ ከዚያ የሕፃን ሳል፣ ከሳሉም በኋላ ለቅሶ። የሕፃን ለቅሶ እንዲህ ያስደስታል ብላ አስባ አታውቅም። ፋናዬ «እታለም?» አለች።

እትዬ ብርቄ ግን ከወንበሩ አልተነሡም። ሌሎችም ያልነቁ ነበሩ። ከተማው ሰሞኑን ለቅሶ በለቅሶ ሆነ፤ በየድንኳኑም የሚወራው በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ምትኮቹ በሙሉ ይሰረዙ ብሎ ወሰነ። የሚሰርዘውም ደቦው ነው፤ ደቦው ደግሞ ሁለት ሴቶች ናቸው።

ውባለም ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ገባች። የራሷን ምትክ መጀመሪያ ሰረዘች፤ እጇ አልከበዳትም። ሰሞኑን ሁሉ ሰውን ያስጨረሱ ደባቂዎች እያለች ስትረግማቸው ነበር የከረመችው። የጋሽ ደምመላሽ ጋ ስትደርስ ግን ቆም አለች።

«ሳልሰርዝህ በፊት ልጠይቅህ» አለች። «ሌላ የያዝከው ወሬ አለ?»

«አለ።»

«ስለ ማን?»

«ስለ ሌሎቹ አምባዎች።»

ውባለም ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከሌሎቹ አምባዎች በየቀኑ ሰላምታ ይመጣል። የትምህርት ቤት ልጆች ከዚያ ካሉ ልጆች ጋር ይጻጻፋሉ፤ ሽማግሌዎች በበዓል እንኳን አደረሳችሁ ይባባላሉ፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ትሑት፣ ደህና ናችሁ ሲባሉ ደህና ነን የሚሉ ሰዎች ናቸው። እናንተ ናችሁ ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ማን እንዲህ ያለ ነውር ይጠይቃል?

«ስንት ሰው ልሰብስብ?» አለች።

«ከተማውን በሙሉ።»

አሁኑኑ ንገረኝ ልትለው ትችል ነበር። ኮዱን ልትከፍትና ራሷ ልታነበው ትችል ነበር፤ ክፍት ነው። እጇን ወደ መጻፊያው ዘርግታ መለሰችው። ብቻዋን መስማት አልፈለገችም። እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን መስማት የሚችል ሰው ያለም አልመሰላት። የሰረዘችው የራሷ ምትክ ያን እርማት ሲያጸድቅ ምን አስቦ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት።

ስልኳን አንሥታ ለሐሊማ ደወለች።

«ነገ ጠዋት አደባባዩ ላይ እንገናኝ» አለቻት። «ባለቤትሽንም፣ ጎረቤቶችሽንም ይዘሽ ነይ። ለእትዬ ሙሉጎጃምም ንገሪያቸው፤ የቻሉትን ሰው ሁሉ ይጥሩ።»

«ምነው? ምን ተገኘ?» አለች ሐሊማ።

ውባለም እንባዋ እየወረደ ድምፅዋን አስተካከለች።

«ምንም አልተገኘ» አለች። «ብቻ ቁርሳችሁን በደንብ በልታችሁ ኑ።»